የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈተና ውጤት በመቶኛ እንዴት ይሰላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማጠቃለያ ፈተና አልቆ ካርድ እስኪታደል ባሉት ቀናት ውስጥ ለሒሳብ መምህር የሚቀርበው ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ውጤት አደማመር ነው። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በክፍል ኃላፊነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግመው የጠየቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ከብሔራዊ ፈተና ውጤቶች በስተቀር በምሳሌነት የቀረቡት ቁጥሮች ስሌቱን ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

ውጤትን ወደ መቶኛ መቀየር ሲባል ምን ማለት ነው?

ማንኛውም የፈተና ውጤት ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው ተማሪው ያገኘው ነጥብ ሲሆን ሁለተኛው ፈተናው የታረመበት ጠቅላላ ነጥብ ነው። የተገኘውን ነጥብ ላዕል፣ ጠቅላላውን ነጥብ ታህት አድርገን በክፍልፋይ ከጻፍን በኋላ በ100 ስናባዛው መቶኛውን እናገኛለን። ለምሳሌ ከ40 ነጥብ 34 ያገኘች ተማሪ 34 ለ40 ሲካፈል 0.85፣ ይህም በ100 ሲባዛ 85 በመቶ ይሆንላታል። ትርጉሙም ፈተናው ከ100 ቢታረም ኖሮ በዚያው አያያዟ 85 ታገኝ ነበር ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ቁጥር በመርሳት ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት በልጃቸው ደብተር ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ 23 የሚል ብቻ የተጻፈበት የቴስት ወረቀት አግኝተው፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው መጡ። ልጃቸው ትምህርት እንደተወ ቆጥረው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ነገሩኝ። ቴስቱ የታረመው ግን ከ25 ስለነበር ልጁ ያገኘው 92 በመቶ ነበር። ጥፋቱ ከስንት እንደታረመ ሳልጽፍ ወረቀቱን የመለስኩት የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእያንዳንዱ ማርክ ሥር መስመር አስምሬ ጠቅላላውን ነጥብ ሳልጽፍ ወረቀት መልሼ አላውቅም፤ ተማሪዎችም ማርካቸው ሲነገራቸው "ከስንት?" ብለው እንዲጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ።

ፈተናው 60 ጥያቄ ነው፣ 47 መለስኩ። ያለ ካልኩሌተር እንዴት አሰላዋለሁ?

እያንዳንዱ ጥያቄ እኩል ነጥብ የሚያዝ ከሆነ 47ን በ100 አባዝቶ 4,700ን ለ60 ማካፈል ነው፤ መልሱ 78.33 ይመጣል። መጀመሪያ ማባዛት፣ ቀጥሎ ማካፈል የሚሻለው በምክንያት ነው። ብዙ ተማሪዎች 100ን ለ60 አካፍለው "አንዱ ጥያቄ 1.6 ይይዛል" ይሉና 47ን በ1.6 ሲያባዙ 75.2 ያገኛሉ። በዚህ መንገድ ከሦስት ነጥብ በላይ ያለ ምክንያት ጠፋባቸው ማለት ነው። 1.67 ብለው ቢይዙትም 78.49 ስለሚሆን ልክ አይመጣም። የአስርዮሽ ቁጥርን ማጠጋጋት የሚገባው በመጨረሻው መልስ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በመሃል በተጠጋጋ ቁጥር ስሕተቱ በጥያቄው ብዛት ይባዛል።

ጥያቄዎቹ እኩል ነጥብ የማይይዙ ከሆነ፣ ማለትም እውነት ወይም ሐሰት 1 ነጥብ፣ ምርጫው 2 ነጥብ፣ የሥራ ጥያቄው 5 ነጥብ የሚይዝ ከሆነ፣ የተመለሱትን ጥያቄዎች መቁጠር ዋጋ የለውም። መደመር ያለበት የእያንዳንዱ ጥያቄ ነጥብ ነው።

ቴስት፣ አሳይመንት፣ ሚድ እና ፋይናል ተደምረው ከ100 የሚሆኑት እንዴት ነው?

በመልእክትም በአካልም ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሳውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

በተከታታይ ምዘና ሥርዓት የአንድ ትምህርት የመንፈቀ ዓመት ውጤት ከብዙ ትናንሽ ምዘናዎች ተጠራቅሞ ከ100 ይሞላል። ለእያንዳንዱ ምዘና የተመደበለት ድርሻ አለ። ድርሻዎቹ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ከመምህር መምህር ሊለያዩ ስለሚችሉ በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ጠይቆ በደብተር ሽፋን ላይ መጻፍ ይበጃል። አንድን ምዘና ሁለት ቁጥሮች እንደሚመለከቱት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የታረመበት ነጥብ አንድ ነገር ነው፣ ከ100ው ውስጥ የተመደበለት ድርሻ ሌላ ነገር ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪን እንውሰድ። ቴስት ከ20 ታርሞ 14 አገኘች፣ የቴስቱ ድርሻ 15 ነው። አሳይመንት ከ10 ታርሞ 9 አገኘች፣ ድርሻውም 10 ነው። የደብተር ክትትል ከ5 ታይቶ 4 ተሰጣት፣ ድርሻው 5 ነው። ሚድ ከ40 ታርሞ 24 አገኘች፣ ድርሻው 20 ነው። ፋይናል ከ60 ታርሞ 42 አገኘች፣ ድርሻው 50 ነው። ድርሻዎቹ 15፣ 10፣ 5፣ 20 እና 50 ሲደመሩ 100 ይሞላሉ፤ ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ውጤት ለታረመበት ነጥብ አካፍለን በድርሻው እናባዛለን። ቴስቱ 14 ለ20 ተካፍሎ በ15 ሲባዛ 10.5 ይሆናል። አሳይመንቱና የደብተር ክትትሉ የታረሙት በድርሻቸው ልክ ስለሆነ 9 እና 4 እንዳሉ ይገባሉ። ሚዱ 24 ለ40 ተካፍሎ በ20 ሲባዛ 12፣ ፋይናሉ 42 ለ60 ተካፍሎ በ50 ሲባዛ 35 ይሆናል። ድምሩ 70.5 ነው፤ የተማሪዋ ትክክለኛ ውጤትም ይኸው ነው።

ይህችው ተማሪ በሌላ መንገድ ብታሰላ ግን ሌላ ቁጥር ታገኛለች። የአምስቱን ምዘናዎች መቶኛ፣ ማለትም 70፣ 90፣ 80፣ 60 እና 70ን ደምራ ለ5 ብታካፍል 74 ይመጣላታል። ያገኘችውን ነጥብ በሙሉ ደምራ 93 ብትል፣ የታረመበትንም ደምራ 135 ብትል፣ 93 ለ135 ሲካፈል 68.89 በመቶ ይሆናል። አንድ ተማሪ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ ሦስት የተለያዩ ውጤቶች። የመጀመሪያው የተሳሳተ መንገድ አምስት ነጥብ ብቻ የተመደበለትን የደብተር ክትትል ሃምሳ ከተመደበለት ፋይናል ጋር እኩል ስለሚያስቀምጠው ውጤቷን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ ምዘናው ከስንት እንደታረመ ብቻ ስለሚያይ ድርሻው 20 ብቻ የሆነውን ሚድ ከሚገባው በላይ ያከብደዋል፤ እሷ በሚዱ ጥሩ ስላልሠራች ውጤቷ ወረደ። "መምህሩ ነጥብ ቀነሰብኝ" ከሚሉ ተማሪዎች ጋር ወረቀቱን ዘርግተን ስንሠራው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእነዚህ ሁለት ስሕተቶች አንዱ ነው። መምህሩ የተሳሳተበትም ጊዜ አለ፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ፋይናል ገና ነው። 75 እንዲሞላልኝ ከፋይናሉ ስንት ማግኘት አለብኝ?

ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ ተማሪ ጥናቱን በቁጥር ማቀድ የጀመረ ስለሆነ ጥያቄውን እወደዋለሁ። ከላይ ያየናት ተማሪ ከፋይናል በፊት 10.5፣ 9፣ 4 እና 12 ይዛለች፤ ድምሩ 35.5 ነው። 75 እንዲሞላላት የሚቀራት 39.5 ሲሆን የፋይናሉ ድርሻ 50 ስለሆነ 39.5 ለ50 ተካፍሎ 79 በመቶ ይሆናል። ፋይናሉ ከ60 የሚታረም ከሆነ የ60 ነጥብ 79 በመቶ 47.4 ነው። ግማሽ ነጥብ የማይሰጥበት ፈተና ከሆነ ወደ ላይ ተወስዶ 48 ማግኘት አለባት። እዚህ ላይ 47.4ን ወደ 47 ማጠጋጋት አይቻልም፤ 47 ብታገኝ ድምሯ 74.67 ሆኖ ከ75 በታች ይቀራል።

የሚፈለገው ቁጥር ከፋይናሉ ጠቅላላ ነጥብ በልጦ ከተገኘ ያ ግብ በዚህ መንፈቀ ዓመት ሊደረስበት አይችልም ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ግቡን ዝቅ አድርጎ እንደገና ማስላትና ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማቀድ ይሻላል።

የዓመቱ አማካይ የሚወጣው እንዴት ነው?

ለአንድ ትምህርት የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት 74፣ የሁለተኛው 81 ከሆነ ተደምሮ ለ2 ሲካፈል 77.5 ይሆናል። ሁለቱም ከ100 ስለሆኑና እኩል ክብደት ስላላቸው እዚህ ላይ ቀጥታ አማካይ መውሰድ ትክክል ነው። የሁሉም ትምህርቶች ድምር ደግሞ በትምህርቶቹ ብዛት ይካፈላል። 12 ትምህርት ተምሮ 906 ድምር ያመጣ ተማሪ አማካዩ 75.5 ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሌላ ክልል ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ተማሪ ካርድ ላይ ነው። የሚሰጡት ትምህርቶች ቁጥር ሊለያይ ስለሚችል የሁለቱን ድምሮች ማወዳደር አይቻልም፤ የሚወዳደሩት አማካዮቹ ናቸው። በሕመም ምክንያት ያልተፈተነ ተማሪ ባዶ ቦታም ከዜሮ ጋር አንድ አይደለም። ዜሮ የተፈተነና ምንም ያላገኘ ተማሪ ውጤት ሲሆን ባዶ ቦታ ገና ያልተሟላ ውጤት ነው።

ደረጃና መቶኛ ምን ያገናኛቸዋል?

የሚያገናኛቸው በጣም ጥቂት ነው። ደረጃ ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲያወዳድር መቶኛ ከፈተናው ጋር ያወዳድረዋል። ጎበዝ ተማሪዎች በበዙበት ክፍል 88 በመቶ አምጥቶ 9ኛ መውጣት፣ በሌላው ክፍል 71 አምጥቶ 1ኛ መውጣት ያጋጥማል። ወላጆች ካርዱን ሲቀበሉ ዓይናቸው አስቀድሞ የሚያርፈው ደረጃው ላይ መሆኑ ቢገባኝም፣ ልጁ ትምህርቱን ምን ያህል እንደያዘ የሚነግራቸው በየትምህርቱ ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በመቶኛ እንዴት ይነበባል?

በብሔራዊ ፈተናው የየትምህርቱ የጥያቄ ብዛት ቢለያይም የእያንዳንዱ ትምህርት ውጤት ከ100 ይገለጻል። ስለዚህ ሰባት ትምህርት የተፈተነ ተማሪ ጠቅላላ ውጤት ከ700፣ ስድስት የተፈተነ ከ600 ይሆናል። 50 በመቶ ማለትም ለመጀመሪያው 350፣ ለሁለተኛው 300 ነው። ከ700 348 ያመጣ ተማሪ 49.71 በመቶ አለው። አጠጋግቶ "50 ነው" ማለት ለወሬ ያህል ካልሆነ በስተቀር የመቁረጫ ነጥብን አያሟላም።

የ2015 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ በተፈጥሮ ሳይንስ የተመዘገበው ከፍተኛ ውጤት ከ700 649፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ ከ600 533 ነበር። ብዙ ሰው በሁለቱ መካከል የ116 ነጥብ ልዩነት አለ ብሎ ተናገረ። ጠቅላላዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ግን በቀጥታ መቀነስ አይቻልም። ወደ መቶኛ ሲቀየሩ 92.71 እና 88.83 በመቶ ይሆናሉ፤ ልዩነቱ አራት ነጥብ እንኳ አይሞላም።

በዚያው ዓመት የተነገረ ሌላ ዐረፍተ ነገር ተማሪዎችን ግራ ሲያጋባ አይቻለሁ፦ "50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው።" በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት መቶኛ አለ፤ ታህታቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ከፈተናው ነጥብ የሚሰላ ሲሆን ሁለተኛው ከተፈታኞች ቁጥር የሚሰላ ነው። ወደ 845 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፤ ይህ ቁጥር ለ845 ሺህ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 3.2 ይሆናል። አንዲት ተማሪ "ማለፊያው 3.2 ሆነ እንዴ?" ብላ ጠይቃኛለች፤ ጥያቄዋ የማይናቅ ነው፣ ዐረፍተ ነገሩ የማንን ከማን እንደሚያካፍል በግልጽ አይናገርምና።

ውጤቴ ከ60 ወደ 75 አደገ። በ15 በመቶ አደገ ማለት ይቻላል?

አይቻልም። በ15 ነጥብ አድጓል። ዕድገቱን በመቶኛ ለመግለጽ የጨመረውን 15 ለመነሻው 60 እናካፍላለን፤ 25 በመቶ ይሆናል። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ድርሻ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ መሆኑ ሲገለጽ "በ3 በመቶ ጨመረ" የሚል በየቦታው ተጽፎ አንብቤያለሁ። የጨመረው 3 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ 3 ለ5.4 ሲካፈል ግን ዕድገቱ ከ55 በመቶ በላይ ነው። ሁለቱም አገላለጾች ትክክል የሚሆኑት የትኛው እንደሆነ ሲነገር ብቻ ነው።

የወላጆቼ የማትሪክ ውጤት በኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። ወደ መቶኛ መቀየር ይቻላል?

በትክክል መቀየር አይቻልም። ፊደሉ የተወሰነ የነጥብ ክልልን የሚወክል ስለሆነ ከውስጡ አንዱን ቁጥር መልሶ ማውጣት አይቻልም። ከ4 ነጥብ 3 ያመጣን ሰው "75 በመቶ አመጣ" ማለትም ስሕተት ነው፤ 4 እና 3 ለፊደሎቹ የተሰጡ ዋጋዎች እንጂ የተመለሱ ጥያቄዎች ቁጥር አይደሉም። ውጭ አገር ለመማር የአሜሪካውን ኤስኤቲ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የዚያ ፈተና ውጤት የሚጀምረው ከ400፣ የሚያበቃው በ1,600 ስለሆነ 1,200ን ለ1,600 አካፍሎ 75 በመቶ ማለት ምንም ትርጉም አይሰጥም። ከውጤቱ ጎን የሚጻፈው ፐርሰንታይልም ከፐርሰንት የተለየ ነው፤ 75ኛ ፐርሰንታይል ማለት ተማሪው ከመቶ ተፈታኞች ከ75ቱ ጋር እኩል ወይም በላይ ሆኗል ማለት እንጂ ከመቶ ጥያቄ 75 መለሰ ማለት አይደለም።

መምህራን በኤክሴል ስንሠራ ምን ልንጠነቀቅ ይገባል?

ሁለት ነገሮችን ብቻ አነሳለሁ። አንደኛ፣ ውጤቱን በ100 ካባዙ በኋላ ሳጥኑን በፐርሰንት መልክ እንዲታይ ካዘዙት ፕሮግራሙ እንደገና በ100 ስለሚያባዛው 85 የነበረው 8,500 ሆኖ ይታያል። ወይ ማባዛቱን ወይ የፐርሰንት መልኩን መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የአማካይ ቀመሩ ባዶ ሳጥንን አይቆጥርም፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ቀርቶ ያልተፈተነ ተማሪ ላይ ለማሳመር ዜሮ የሞላ መምህር የተማሪውን አማካይ ሳያውቀው ያወርዳል። በሌላ በኩል መፈተን ኖሮበት የቀረን ተማሪ ባዶ መተው አማካዩን ከፍ ያደርገዋል።

ካርዴ ላይ ያለው ውጤት እኔ ካሰላሁት ጋር አይገጥምም። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ስሌቱን በድርሻው መሠረት እንደገና መሥራት፣ ቀጥሎም የታረሙትን ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ክላሴር ሰብስቦ መያዝ ነው። ከዚያ ወደ ትምህርቱ መምህር ሄዶ ማርክ ሊስቱን በአክብሮት እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። ልዩነቱ የተፈጠረው ከማርክ ሊስት ወደ ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች የሁሉም ትምህርት ውጤት ወደሚሞላበት መዝገብ፣ ሲገለበጥ ከሆነ ጉዳዩ የክፍል ኃላፊው መምህር ነው፤ እዚያም ካልተፈታ ወደ ሪከርድ ክፍል ይኬዳል።

እኔም በሠራሁበት በአንድ ትምህርት ቤት ያጋጠመኝ አለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት መምህራን ሆነን፣ እሱ ማርክ እየጠራ እኔ ሮስተር ላይ እየሞላሁ ሳለ፣ አንድ መስመር ዘለን የአንዱን ተማሪ ውጤት ለቀጣዩ ሰጠን፤ ከዚያም እስከ ገጹ መጨረሻ የዘጠኝ ተማሪዎች ውጤት በአንድ ቤት ወረደ። ስሕተቱን ያገኘችው የራሷን ድምር በእርሳስ ሠርታ የመጣች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካርዱ ላይ 64 ነበር፣ እሷ የያዘችው ወረቀት ግን 83 ይላል። ወረቀቶቿን በየቀናቸው ደርድራ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥ የስምንት ጓደኞቿም ውጤት አብሮ ተስተካከለ፤ ካርዶቹም በማግስቱ እንደገና ተጽፈው ተፈረሙ።